ስልክ ያላነሱት ሰባ አንድ ጥንዶች

አጎት ታም ወደ ሆስፒታላችን መጀመሪያ የመጡት ሥራ ፈልገው አልነበረም። የእህታቸው ልጅ ምርመራ ነበረባት፤ ባሏ ከከተማ ውጭ ስለሆነ በሞተራቸው አፈናጠው አመጧት። እሷ ውስጥ ስትገባ እሳቸው ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከስልክ ጋር ስጣላ ነበር። አሥራ አራት ቁጥር ደውዬ ሦስት ሰው ብቻ ነው ያነሳልኝ፤ ከሦስቱም አንዱ ቁጥሩን በቅርቡ የገዛ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

«አይገኙም?» አሉኝ፣ የሳር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው።

«አይገኙም፣ አጎቴ። መሬት ዋጣቸው መሰለኝ።»

«መሬት እንኳ ሰው አይውጥም። እዚህ አገር ሰው ከጠፋ ወይ ወንዝ ተሻግሯል፣ ወይ ፋብሪካ ገብቷል። እስቲ ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ስም መናገር አይፈቀድልኝም።»

ሳቅ አሉ። «ጎሽ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ ሰው ነኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ፣ የማን ደብዳቤ ሳይከፈት እንደሚመለስ ሁሉ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ለሚስቴ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።»

የእህታቸው ልጅ በዚህ መሃል ወጣችና «እውነቱን ነው። አክስቴ እስከ ዛሬ በዚህ ትናደድበታለች» አለችኝ።

የመዝገብ ስማቸው ቮ ቫን ኝየም ነው። ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው የጡረታ ቢሮ ብቻ ነው። እኛ የዴልታ ሰዎች፣ ወንዙ ተከፋፍሎ ባሕር የሚገባበት አገር ልጆች፣ ሰውን በተወለደበት ተራ ስለምንጠራ፣ ሠፈሩም ዘመዱም «ስምንት» ይላቸዋል፤ ታም ማለት ያ ነው። ደብዳቤ ማደል የጀመሩት በጀልባ እየቀዘፉ ነው። በኋላ ብስክሌት መጣ፣ ከዚያ ሞተር። ከካን ቶ ከተማ ወደ ታች ያሉትን ቦዮች፣ ድልድዮችና መሻገሪያዎች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ አጥር አራት ጊዜ አድሰዋል። ባለቤታቸው አክስት ታም በኋላ ስንተዋወቅ፣ «ሰውዬው ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ ዶሮዎቹ እንኳ ታከታቸው» ብላኛለች።

የሰውየውን ነገር ለዶክተር ክዌ ነገርኳት። ክዌን ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እኔ በዚያን ጊዜም ነርስ ነበርኩ። አሁን የመካንነት ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ናት፣ እኔ ደግሞ የጥናቱን ተሳታፊዎች የምከታተለው ሰው ነኝ። ጥናቱ የእሷ ሐሳብ ነው። ዘራቸው የደከመ ወንዶች በየፋርማሲው የሚሸጡ የቪታሚን እንክብሎችን እየገዙ፣ «እስቲ ደግሞ ስድስት ወር ልሞክር» እያሉ ሕክምናውን ሲያዘገዩ፣ የሚስቶቻቸው ዕድሜ እየሄደ ታይ ነበር። እንክብሉ በእርግጥ ይጠቅማል? ማንም በወጉ አላየውም። ስለዚህ ስድስት መቶ አርባ ጥንዶች ተመዘገቡ። ግማሾቹ ባሎች ሦስት ወር እውነተኛውን እንክብል ዋጡ፤ ግማሾቹ ደግሞ በመልኩም በጠረኑም ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ዱቄት የሆነ ዋጡ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ባልየውም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ክዌም አታውቅም። ከዚያ የሚስትየዋ እንቁላል ይወጣል፣ ከዘሩ ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ይገናኛል፣ የተፈጠረው ፅንስ ወደ ማህፀን ይገባል። የጥናቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ በሕይወት የተወለደ ልጅ አለ ወይስ የለም?

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ልጅ የወለዱት ራሳቸው ይደውላሉ። ፎቶ ይልካሉ፤ ወር ሲሞላው ጣፋጭ ሩዝ ይዘው ይመጣሉ። ያልተሳካላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ቁጥር ይቀይራሉ፤ ሠፈር ይለቃሉ። ሰባ አንድ ጥንዶች እንደዚያ ጠፍተውብን ነበር።

«ያነሱልንን ብቻ ብቆጥር» አለችኝ ክዌ አንድ ቀን፣ «በአገሩ እንደኛ ያለ ሆስፒታል የለም። እንደዚህ ብዬ ደግሞ ብጽፍ ውሸታም ነኝ።»

አጎት ታምን አስጠራቻቸው። ሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱ፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ፈረሙ። ተሳታፊዎቹ ሲመዘገቡ በሞሉት ቅጽ ላይ፣ በስልክ ካልተገኙ ቤታቸው ድረስ ሰው ቢላክ እንደሚፈቅዱ የሚጠይቅ መስመር ነበረ፤ ሰባ አንዱም ጥንዶች ፈቅደው ነበር። የሚያውቁት ስምና አድራሻ ብቻ ነው። የሚጠይቁትም ሦስት ነገር ነው፤ ፅንስ ይዞ ነበር? ልጅ ተወለደ? ልጁ ደህና ነው?

የሆስፒታሉ አርማ ያለበት ሮዝ ሸሚዝ ስሰጣቸው አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ሉዋ ልጄ፣ ይህን ለብሼ አንድ መንደር ብገባ እኔ በሩ ጋ ሳልደርስ ወሬው ቦዩን ይጨርሰዋል።»

«ታዲያ ምን ነኝ ይላሉ?»

«ታም ነኝ፣ ፖስተኛ ነበርኩ፣ እገሌን ፈልጌ ነው እላለሁ። ይህ ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም።

በመጀመሪያው ወር አሥራ ዘጠኙን አገኙ። አንዷን ቢን ዙዎንግ ክፍለ ሀገር ሄደው፣ የጫማ ፋብሪካ በር ላይ፣ ሠራተኛ ሲወጣ ጠብቀው ነው ያገኟት። አንዱ ሰውዬ ገበያ ውስጥ በረዶ በመጋዝ እየቆረጠ ነበር፤ ጥያቄውን ሲሰማ መጋዙን አስቀመጠና «የለም፣ የለም፣ የለም» ብሎ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መለሰ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። አንዷ ውሻ ለቀቀችባቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ሠፈር ዋሉ፤ ወደ ማታ ራሷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችና ነገረቻቸው። አንድ ሰው ደግሞ «እኔን ከወረቀትህ አውጣኝ» አላቸው። «ፈቃደኛ አይደለም» ብለው ጻፉ፤ ሁለተኛ አልሄዱበትም። ከየጉዞው ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ብርጭቆ በረዶ ያለበት ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ስለ ሰዎቹ አያወሩም።

ከሰባ አንዱ ውስጥ አጎት ታምን ብዙ ያንከራተቷቸው ዶምና ሚስቱ ሴን ናቸው። የሆነውን ሁሉ አሁን በስማቸው የምናገረው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው፤ ከፊሉንም የሰማሁት ከራሳቸው ነው።

ዶም ዳክዬ ጠባቂ ነው። ሩዝ በታጨደበት ማሳ ሁሉ የወደቀውን ፍሬ እየለቀሙ የሚበሉ ሁለት ሺህ ዳክዬዎች አሉት። አንዱ ማሳ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይነዳቸዋል፤ አንዳንዴም በጀልባ ይጭናቸዋል። የዚህ ሥራ ሰው ቤቱ የሚገኘው ለቴት፣ ለአዲስ ዓመት በዓል ብቻ ነው። አጎት ታም በቅጹ ላይ ወዳለው አድራሻ ሲሄዱ ያገኙት የዶምን እናት ነው።

«ልጄን ምን ልታደርገው ፈለግከው?» አሏቸው አሮጊቷ።

«እሱን ራሱን የምጠይቅበት ወረቀት አለኝ፣ እሜቴ።»

«ከመንግሥት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያማ ጠብቀው። ለቴት ይመጣል፤ ካመጣችው። ያቺ መካን ናት ይዛው የምትዞር።» ሻይ ቀዱላቸው። «ስድስት ዓመት እኮ ነው። ዳክዬ እንኳ እንቁላል ይጥላል።»

አጎት ታም ሻዩን ጠጡ። ጥናቱ የባልየው ዘር ለደከመባቸው ጥንዶች ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። ጓሮ ያለው የማንጎ ዛፍ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁ፤ አመስግነው ወጡ። ይህን የነገሩኝ ሴን ራሷ ካወራችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ያሉኝ «ቤት የሉም፣ ዳክዬ ይዘው ወጥተዋል» ብቻ ነበር።

ዳክዬ ጠባቂ የት እንዳለ የምታውቀው የእንቁላል ነጋዴ ናት። አጎት ታም ሎንግ ሥዌን ከተማ ድረስ ሄደው አንዷን አገኙ። እሷ ወደ ሌላዋ ላከቻቸው። ሌላዋ «ባለፈው ሳምንት የኪየን ጃንግ ክፍለ ሀገር ድንበር ላይ ነበሩ፤ አጨዳው ግን አልቋል» አለቻቸው። በመጀመሪያው ጉዞ የዳክዬ ላባ የሞላበት ባዶ ማሳ አይተው ተመለሱ። በሁለተኛው ጉዞ ሞተራቸው ጭቃ ውስጥ ሰጥማ አንድ የትራክተር ነጂ ጎትቶ አወጣቸው። ያ ነጂ ነው «ሴትዮዋ ሐምራዊ መሃረብ የምታስር፣ ሰውዬው ዝምተኛ? ከሦስተኛው ቦይ ማዶ ናቸው» ያላቸው።

ረፋዱ ላይ ደረሱ። ሴን ከላስቲክ ዳሱ ሥር ሩዝ ጥዳለች። ዶም ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በረጅም ቀርከሃ ዳክዬዎቹን ከአጠገብ ማሳ ይመልሳል። አጎት ታም ስማቸውን ተናገሩ። አካባቢው ላይ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካዩ በኋላ ከየት እንደመጡም ተናገሩ።

ሴን ማማሰሏን አላቆመችም። «ሆስፒታሉ እኛንም እንደ ዳክዬ የሚነዳ ጠባቂ ላከብን እንዴ?»

«ፖስተኛ ነው የላከባችሁ። ጥያቄዬ ሦስት ነው። መመለስ ካልፈለጋችሁ አንድ ሻይ ጠጥቼ እሄዳለሁ፤ ማንም አይቀየማችሁም።»

ዶም ከውሃው ወጣ፤ ሰላም አለና ቀርከሃውን ይዞ ተመልሶ ሄደ።

«እሱ አይችልም» አለች ሴን። «እኔን ይጠይቁኝ።»

ጠየቋት። ፅንሱ ይዞ ነበር። አሥር ሳምንት ቆየ። ከዚያ እንደዚህ ያለ ዳስ ሥር ወረደ። ለዶም እናትም አልነገሩም፣ ለሆስፒታሉም አልነገሩም። አጎት ታም እያንዳንዱን በወረቀታቸው ላይ ጻፉ፤ ጽፈው እርሳሱን አስቀመጡ።

«ለምን እንደጠፋን አይጠይቁኝም?»

«ከጥያቄዎቹ ውስጥ የለም፣ ልጄ።»

«እኔ ልንገርዎት። በወረደብኝ ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ ደወለችልኝ። ድምጿ ሠርግ ቤት ያለች ይመስል ነበር። ‹ትንሿ እንግዳችን እንዴት ናት?› አለችኝ። እኔ ገና ልብሴን አላጠብኩም። ዘጋሁባት። ዶም ሲምካርዱን አወጣና ወደ ውሃው ወረወረው።» ድስቱን አወረደች። «ክፉ ሰው አይደለችም። ታውቃለች አልልም። ግን ያን ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልፈለግኩም።»

ምሳ አብረው በሉ፤ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና የውሃ ቅጠል። ሊሄዱ ሲነሱ ዶም እስከ ሞተሩ ድረስ ሸኛቸው። መንገድ ላይ ነው አፉን የከፈተ።

«አጎት ታም፣ አንድ ነገር ቢጽፉልኝ።»

«ምን?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ይጻፉ። እንክብሉ ሊያልቅ ሲል አሥራ አንድ ቀን አጉድያለሁ። ዳክዬ ሳሻግር ቦርሳዬ ቦይ ውስጥ ገባ፤ እንክብሉ ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ዕቃውን ብቻ አወጣሁ። ባዶውን ዕቃ ስመልስ ሁሉንም ውጫለሁ ብዬ ዋሸሁ። ደካማ ዘር ነው የሰጠኋት፤ ለዚያ ነው ያልቆየው።»

«ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። እናቴ እሷን ስትሰድብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ለእሷም ለእናቴ ችግሩ የእኔ መሆኑን አልነገርኩም።»

አጎት ታም ሐኪም አይደሉም። ይህ እንዳልሆነ ሊነግሩት ፈለጉ፤ ግን እንዳልሆነ አያውቁም። «አሥራ አንድ ቀን መጉደሉን እጽፋለሁ» አሉት። «ጥፋት የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ዶክተሯን እጠይቅልሃለሁ።»

ዶም ሌላም አንድ ነገር ጠየቀ። ሁለት ፅንስ በቅዝቃዜ ተቀምጦላቸው ነበር። ስልክ ስላላነሱ ተጥሏል ብለው አምነዋል። በእርግጥ ተጥሏል?

አጎት ታም በማግስቱ ቢሮ መጡ። ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ሻያቸውን ያዙ። እንደ ሌላው ቀን ስለ መንገዱ አላወሩም።

«ሉዋ» አሉኝ፣ «አንቺ ስትደውዪ መጀመሪያ ምን ትያለሽ?»

«ማለት?»

«እርጉዝ ለነበሩት። ሰላም ካልሽ በኋላ።»

«እንግዲህ… ትንሿ እንግዳችን እንዴት ናት እላለሁ። ደስ እንዲላቸው።»

ብርጭቋቸው ውስጥ ያለውን በረዶ ተመለከቱ። «ከእንግዲህ ‹እንዴት ነሽ› ብቻ በይ። የቀረውን እሷ ትነግርሻለች።»

ወረቀቱን አየሁት። አሥር ሳምንት፣ ቀኑ ተጽፏል። የስልክ መዝገቤን ከፈትኩ። ያን ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ተቋረጠ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በዚያ ቀን ለስንቱ እንደደወልኩ አላስታውስም፤ ሻይ እየጠጣሁም ይሆናል የደወልኩት። አጎት ታም ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩና እስከ ማታ ሠራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እንዴት ነሽ» ነው የምለው።

ለክዌ የዶምን ሁለት ጥያቄ አደረስኩላት። ፅንሶቹ እንዳሉ ናቸው አለች፤ ያለ ባለቤቶቹ ፊርማ አንድም ፅንስ አይጣልም። ስለ እንክብሉ ግን «አሁን መልስ የለኝም። ለእሱ መልስ ለመስጠት ነው እንዲህ የምንደክመው» አለች። አጎት ታም ሌላ ቀጠና ሲሄዱ በዚያ በኩል ዞረው የፅንሶቹን ነገር ነገሯቸው። ሴን ሃያ የዳክዬ እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ስጦታ መቀበል አይፈቀድም፤ አጎት ታም ግን እንቁላሉን ቢሮ አምጥተው ለጽዳት ሠራተኞቹ አከፋፈሉት። እንደምንም ተስማማን።

ከሰባ አንዱ ስልሳ ስድስቱን አገኙ። ሁለቱ ጥንዶች ታይዋን ለሥራ ሄደዋል፤ አንዱ ፈቃደኛ አይደለም፤ ሁለቱን እሳቸውም ሊያገኟቸው አልቻሉም። ከስልሳ ስድስቱ ልጅ የታቀፉት አራት ብቻ ነበሩ።

ከስምንት ወር በኋላ የጥናቱ ሰንጠረዥ ተዘጋ። ማን የትኛውን እንክብል እንደወሰደ የሚያሳየው ዝርዝር ከሌላ ከተማ መጣልን። ያን ዕለት ክዌ ቢሮዋ ውስጥ በሩን ክፍት አድርጋ ነበር የተቀመጠችው፤ እኔና አጎት ታም ገባን። እውነተኛውን ከወሰዱት ከመቶው ሠላሳ ጥንዶች ወልደዋል። ዱቄቱን ከወሰዱት ከመቶው ሠላሳ አንድ።

«አልሠራም ማለት ነው?» አሉ አጎት ታም።

«አልሠራም።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ እንዲህ ተረጋጋ?»

ክዌ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረችው። «እንክብሉ ይሠራል ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ አጎት ታም። አላዘንኩም አልልም። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን ባል ‹ሦስት ወር አትጠብቅ፣ ገንዘብህንም አታባክን፣ በቀጥታ እንጀምር› እለዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሞላት ሴት ሦስት ወር ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ይህን ማለት አልችልም ነበር።»

አጎት ታም ቁጥሮቹን ረጅም ጊዜ አዩ። «ይህን መስማት ያለበት አንድ ሰው አለኝ» አሉ።

ውጤቱን ለመስማት ለሚፈልጉ ጥንዶች የስብሰባ ቀን ተቆረጠ። ወደ ስልሳ ሰው መጣ። ዶምና ሴን ከኋላ ተቀመጡ፤ እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ያለው የፀሐይ ምልክት ከሸሚዙ በላይ ይታያል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ክዌ ኮሪደር ላይ ጠራቻቸው። ሴን ባሏ ምን ሊጠይቅ እንደሆነ አላወቀችም ነበር። እዚያው፣ እኛ እየሰማን፣ አሥራ አንዱን ቀን ነገራት።

ሴን አየችው። «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ፊትህን ያዞርክብኝ?»

ዶም ወደ ክዌ ዞረ።

«የእኔ የትኛው ነበር?» አላት።

ክዌ ዝርዝሩን ተመለከተች። «ዱቄቱ ነበር።»

«ቦይ ውስጥ የገባው?»

«እሱም ዱቄት ነው። እውነተኛውም ቢሆን ለውጥ አልነበረውም። በአሥር ሳምንት የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ራሱ ፅንሱ ላይ ችግር ስላለ ነው። አንተ ያደረግከው ነገር አይደለም። እሷም ያደረገችው አይደለም።»

ዶም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሴን አጠገቡ ቁጭ አለች።

አጎት ታም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የቦዩ ዓሦችም ምንም አልተጠቀሙም» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሴን ናት። እሱ ለመሳቅ ጊዜ ወሰደበት።

እኔ ያን ቀን ወደ እሷ ሄጄ «ያን ጠዋት የደወልኩልሽ እኔ ነበርኩ» አልኳት። «ድምፅሽን ገና በር ላይ አወቅኩት» አለችኝ። እጄን ያዘች።

በቴት በዓል ዶም ለእናቱ ችግሩ የእሱ መሆኑን ነገራቸው። ሴን እንዳለችኝ አሮጊቷ ሦስት ቀን አላናገሩትም፤ እሷንም አላናገሯትም። በአራተኛው ቀን ለሴን የምትወደውን ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ ሠርተው ከፊቷ አስቀመጡላት። ይቅርታ አልጠየቁም። «የማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጪ፣ እዚህ ይሞቃል» ብቻ አሏት።

ከአጨዳው በኋላ ከሁለቱ ፅንስ አንዱን አስገባንላት። ይህ ከጥናቱ ውጭ ነው፤ በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እኔ ልደውል ቁጥሯን ስፈልግ፣ ስልኬ ጠራ።

«እህት ሉዋ፣ ሴን ነኝ።»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አልያዘም። አንቺ ሳትደውዪልኝ ልንገርሽ ብዬ ነው።» ከኋላዋ የዳክዬ ጫጫታ ይሰማኛል። «አንዱ አለ አይደል?»

«አለ።»

«የዝናቡ ሩዝ ሲታጨድ እንመጣለን። አሁን ወደ አን ጃንግ እየነዳን ነው። ይህ ቁጥር አይቀየርም።»

ጻፍኩት።

አጎት ታም አሁን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ፣ አጭሩን ብቻ በሞተር ይሄዳሉ። ክዌ ሌላ ጥናት ጀምራለች፤ በቅዝቃዜ የተቀመጠ ፅንስ ወደ ማህፀን የሚገባው በየትኛው ቀን ቢሆን ይሻላል የሚል። ባለፈው ሰኞ ስልክ ያላነሱ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ስም ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡና «ካ ማው ውስጥ ሦስት አሉ፤ ከዚያ ልጀምር፣ የአገሩ ሸርጣንም ይጥማል» አሉ። ረቡዕ ከሰዓት ደወሉልኝ።

«አንደኛዋን አገኘኋት» አሉ። «መንታ እያጠባች ነው። ስልክ ያላነሳችው ትልቁ ልጇ ሩዝ ማሰሮ ውስጥ ከቶባት ነው። ጻፊ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»